ቡችላው በግ መሰለብኝ

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ጥልፍ ከልጅነቴ ጀምሮ እችላለሁ። አበባ፣ ቅጠል፣ ፊደል ስጠልፍ እጄ አያስቸግረኝም። አሁን ግን ተሸነፍኩ። ቡቺ የሚባል ውሻ አለን። ቡችላ ሳለ የተነሳውን አንድ ፎቶ አባቴ በጣም ይወደዋል። ለልደቱ ያንን ፎቶ በክር ልሥራለት ብዬ ተነሳሁ። ልክ እውነተኛ ቡችላ እንዲመስል፣ ፀጉሩ በእጅ ቢዳሰስ እንዲታወቅ ፈልጌ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ቀለም ገዛሁ። ስፌቴም ንጹህ ነው። ፀጉሩ ወፈር እንዲል ብዬ ጭንቅላቱን በቋጠሮ ሞላሁት። ዓይኑ ግን የኮት ቁልፍ መሰለ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ትናንት ታናሽ ወንድሜ አይቶት ‹ይሄ በግ ለማን ነው?› አለኝ። ልደቱ ሊደርስ ወር ተኩል ቀርቶታል። ከየት ልጀምር? ወይስ ይሄ ነገር ሥዕል ለሚችል ሰው ብቻ ነው? ፎቶውንና የሠራሁትን አብሬ ልኬያለሁ።
የበጉ ባለቤት»

ውድ የበጉ ባለቤት፣

ወንድምሽን ይቅር በይው። የላክሽውን እኔም አየሁት፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ በግ በግ ይላል። ሳቅኩ፣ ግን በአንቺ አይደለም። የእኔ የመጀመሪያ ቡችላ ጆሮ ያለው ትራስ ነበር የሚመስለው። እስካሁን መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ልጥለውም አልቻልኩም።

ሥዕል መቻል ግዴታ አይደለም። መስመሩን ከፎቶው ላይ ነው የምትገለብጪው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ከመሳል ይልቅ ወደ ማየት ይጠጋል። የአንቺም ችግር እጅሽ ላይ የለም።

«ስፌቴ ንጹህ ነው» ብለሻል። ልክ ነሽ፣ በጣም ንጹህ ነው። በጉን ያመጣውም እሱ ነው። ቅጠል ስትጠልፊ ስፌቶችሽ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፣ ርዝመታቸው እኩል ነው፣ ጫፋቸው አንድ መስመር ላይ ያርፋል። ለቅጠል ያምራል። ፀጉር ግን ተሰልፎ አይቆምም። አንዱ ከሌላው ሥር ይወጣል፣ አንዱ ረጅም ነው፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ትንሽ ያዘነብላል። የረድፎችሽ ጫፍ እኩል ሲሆን ዓይን እዚያ ላይ ደረጃ ያያል። የሠራሽውን እስቲ ድጋሚ እይው። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው አራት ደረጃ አለ።

ቋጠሮውን በተመለከተ ደግሞ ምን ልበልሽ። የፈረንሳይ ቋጠሮ ጥቅልል ፀጉር ለማውጣት የሚያህለው የለም። በግ መሥራት ብትፈልጊ ከዚህ የተሻለ ስፌት አልመክርሽም ነበር። የቡቺ ፀጉር ግን የተኛ ነው። ቋጠሮውን ተይው።

የሚያስፈልግሽ ረጅምና አጭር ስፌት የሚባለው ነው። ሰዎች በክር መሳል ሲሉት ትሰሚ ይሆናል። የመጀመሪያው ረድፍ ከውጭ በኩል መስመሩን ይጠብቃል፣ ከውስጥ በኩል ግን ጫፉ የተዘበራረቀ ነው፤ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር፣ አንድ መካከለኛ። ዋናው ነገር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ረድፍ የመጀመሪያው ካለቀበት ቦታ ይጀምራል። እንዲህ አታድርጊ። መርፌሽን ወደ ቀድሞው ስፌት ገላ ውስጥ አስገቢና ክሩን ራሱን ሰንጥቀሽ አውጪ። ከርዝመቱ ሲሶ ያህል ወደ ኋላ ሂጂ። ያኔ አዲሱ ፀጉር ከአሮጌው መሃል የበቀለ ይመስላል። የሁለቱ ቀለሞች ድንበርም ይጠፋል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስሙ ረጅምና አጭር ስለሆነ ብቻ አንድ ረጅም አንድ አጭር እያልሽ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አታሰልፊው። ያ ሌላ ዓይነት ንጹህነት ነው።

ይህንን እንደ አዲስ ፋሽን የሚያወሩት አሉ፤ ግን የቆየ ጥበብ ነው። ቻይና ውስጥ የሱዡ ጠላፊዎች አንዱን የሐር ክር ዓይን በጭንቅ እስኪያየው ድረስ እየሰነጠቁ ድመት ይሠራሉ፤ የድመቶቻቸው ጢም ሲታይ የሚነቃነቅ ይመስላል። የሁናን ጠላፊዎች ደግሞ በነብራቸው ይታወቃሉ፤ ለነብር ፀጉር ብቻ የሚሆን የራሳቸው ስፌት አላቸው። የእነሱን ያህል ክር ስንጠቂ አልልሽም። ግን አንድ ነገር ከእነሱ እንውሰድ፤ ክሩን ማቅጠን።

አንቺ በሦስት ዘለላ ነው የሠራሽው፣ ከሥራሽ ያስታውቃል። ተራው የጥጥ ጥልፍ ክር ስድስት ዘለላ፣ ማለትም አብረው የሚሄዱ ስድስት ቀጫጭን ክሮች፣ አለው። ለፊቱ አንድ ዘለላ ብቻ ያዢ። አዎ፣ አንድ። ሥራው ይረዝማል፣ ግን ፀጉር ቀጭን ነገር ነው፤ በወፍራም ክር ገመድ እንጂ ፀጉር አይወጣም። ዘለላውን ስታወጪ አንዱን ጫፍ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢው። የቀሩት ይሰበሰባሉ እንጂ አይወሳሰቡም። ርዝመቱ ከአንድ ክንድ አይለፍ፣ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል። ከዚያ ከረዘመ ጨርቁ ውስጥ ሲመላለስ ይሻክራል፣ ያንጸባርቅ የነበረውም ይደበዝዛል። የመርፌ ቁጥር ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ ለአንድ ዘለላ 9 ወይም 10 ቁጥር ይሆንሻል። ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለ፣ የማይለጠጥ ጥጥ ወይም የተልባ እግር ይሁን። ፍሬሙ ላይ እንደ ከበሮ ወጥሪው። ማታ ስትተይው አላቅቂው፣ አለበለዚያ ክቡ ምልክት ይተዋል። ስለ ዕቃው ይኸው ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው። መርፌ ከመያዝሽ በፊት ፎቶውን በወረቀት አሳትሚ። እርሳስ ያዢና ፀጉሩ የሚተኛበትን አቅጣጫ በትንንሽ ቀስቶች ሙዪው። መላ ፊቱን። የጠፋብሽ ቦታ ካለ እንዲህ ብለሽ አስቢ፦ ውሻው ቆሞ ሳለ ፊት ለፊቱ ነፋስ ቢነፍስበት ፀጉሩ ወዴት ይተኛል? ከአፍንጫው ተነስቶ ወደ ኋላ ነው። በአፍንጫው ድልድይ ላይ ወደ ላይ ይወጣል። ዓይኖቹ መሃል ሲደርስ እንደ ምንጭ ውሃ ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ወደ ግንባር፣ ግማሹ ዓይኑን ዞሮ ወደ ጉንጭ። ከጉንጩ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ጆሮው ላይ ከሥሩ ወደ ጫፉ ይወርዳል።

አንቺ ምን አደረግሽ? መላ ፊቱን ከላይ ወደ ታች ሰፋሽው፣ እንደ ዝናብ። አንድ ቀለም ሳትቀይሪ ይህንን ብቻ ብታስተካክዪ በጉ ግማሽ ውሻ ይሆን ነበር።

ደግሞ ዕድለኛ ነሽ። ፎቶው የድሮ ቢሆንም ቡቺ ራሱ ቤት አለልሽ! መስኮት አጠገብ አስቀምጪውና ፊቱን ዳብሺው። እጅሽ የሚንሸራተትበት አቅጣጫ የስፌትሽ አቅጣጫ ነው። ሲያድግ ፀጉሩ ይረዝማል፣ ይጠነክራል፤ የሚተኛበት አቅጣጫ ግን ያው ነው። የፊቱን ቅርጽ ግን ከእሱ እንዳትወስጂ፤ እሱን ከፎቶው ብቻ። የቡችላ ግንባር ሰፊ ነው፣ አፉ አጭር ነው፣ ዓይኑ ከፊቱ አንጻር ትልቅ ነው። አፉን በሁለት ሚሊ ሜትር ብታስረዝሚው ጎረምሳ ውሻ ይሆንብሻል። በዚህ ቀልድ የለም።

የስፌቱ ርዝመትም እንደየቦታው ይለያያል። የፊቱ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ አፍንጫው አጠገብ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር፣ ግንባሩ ላይ 5 አካባቢ፣ ጆሮውና ደረቱ ላይ 8 እስከ 10 ያስኬዳል። ፀጉሩ የሚታጠፍበት ቦታ ስትደርሺ አሳጥሪ። እያንዳንዱ ስፌት ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ኩርባ የሚመጣው አጫጭር ስፌቶች ትንሽ በትንሽ ሲያዘነብሉ ነው።

ቅደም ተከተሉ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር ነው። ጣሪያ ሲከደን ከታች ተጀምሮ ወደ ላይ ይኬዳል አይደል? የላይኛው የታችኛውን እንዲሸፍን። ፀጉርም እንደዚያ ነው። የፊተኛው ፀጉር ጫፍ የኋለኛውን ሥር ይሸፍናል። ስለዚህ ከኋላ ጀምሪ። መጀመሪያ የራቀውን ጆሮ፣ ከዚያ አንገቱን፣ የቀረበውን ጆሮ፣ ግንባሩን፣ ጉንጩን እያልሽ ወደ አፍንጫው ነይ። ከአፍንጫው ጀምረሽ ወደ ኋላ ከሄድሽ እያንዳንዱ ረድፍ የቀደመውን ጫፍ ይረግጠዋል፣ ፀጉሩም ወደ ተቃራኒ የተበጠረ ይመስላል።

ከዚህ ሕግ አንድ ነገር ብቻ አወጣለሁ። ዓይን። እኔ ዓይኑን ከሁሉ አስቀድማለሁ። ሌሎች መጨረሻ ላይ ይሠሩታል፤ የራሳቸው ጉዳይ። ዓይኑ እንቢ ካለኝ የጠፋው አንድ ማታ ብቻ ነው፣ የሦስት ሳምንት ፀጉር አይደለም። ደግሞ ዓይኑ ካየኝ በኋላ ሥራውን መተው ያሳፍረኛል።

የአንቺ ዓይን ለምን ቁልፍ መሰለ? ሙሉ ክብ ስለሆነ ነው። የውሻ ዓይን ሙሉ ክብ ሆኖ አይታይም። የላይኛው ሽፋሽፍት ከላይ ይቆርጠዋል፣ ጥላም ይጥልበታል። ዙሪያውን በጣም በጠቆረ ቡናማ ክር አውጪው፤ ስፌቱን ራሱን እየሰነጠቅሽ በምትሄጂበት ቀጭን መስመር። መሃሉን ጥቁር አድርጊ። በሁለቱ መካከል ያለውን ቡናማ በሁለት ወይም በሦስት ደረጃ ሥሪው፤ ከላይ ጠቆር፣ ከታች ፈካ። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል። ብርሃን ከላይ ይመጣል ብለው ላዩን ያፈኩታል። ግን ብርሃኑ በዓይኑ ውስጥ አልፎ የሚያፈካው የታችኛውን ክፍል ነው፣ ላዩ ላይ የሽፋሽፍቱ ጥላ አለ።

መጨረሻ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ። አንድ ስፌት፣ አንድ ሚሊ ሜትር የማትሞላ። ይህቺ ነጥብ ናት ዓይኑን ሕያው የምታደርገው። በሁለቱም ዓይን ላይ አንድ ዓይነት ቦታ መሆን አለባት። ግራው ላይ እንደ ሰዓት 10 ላይ ካደረግሽ ቀኙም 10 ላይ ይሁን። የአንቺ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ነው፣ ምስኪኑ ሁለት ቦታ ያያል። የዓይን ነጭ ደግሞ ቡችላ ላይ እምብዛም አይታይም፤ አንቺ የጨመርሽው ነው የደነገጠ ያስመሰለው።

ስለ ዓይኑ ቀለም አባትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ፎቶው ሲነሳ ቡቺ ስንት ሳምንቱ ነበር? ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ ዝግ ነው፣ የሚገለጠው ሁለት ሳምንት አካባቢ ነው። ሲገለጥም መጀመሪያ ሰማያዊ ግራጫ ይመስላል፣ ቡናማው በኋላ ነው የሚመጣው። ፎቶው ላይ ዓይኑ ጭጋጋማ መስሎ የታየኝ የካሜራው ጥፋት ላይሆን ይችላል። ከሆነ ቡናማው ላይ ግራጫ ሰማያዊ ክር ጣል አድርጊበት። አባትሽ ያንን ነው የሚያስታውሰው።

አሁን ወደ አሥራ ዘጠኙ ቀለም። አትቆጪ፣ ክር አይበሰብስም። ግን ሰባት ወይም ስምንት ይበቃሽ ነበር። ፀጉርን እውነተኛ የሚያስመስለው የቀለም ብዛት ሳይሆን ከብርሃን ወደ ጨለማ ያለው ርቀት ነው። ስልክሽ ላይ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ክሮችሽንም በአንድ ላይ ደርድሪና አንሻቸው፣ እነሱንም ጥቁርና ነጭ አድርጊ። አሥራ ዘጠኙ ውስጥ ግማሾቹ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ታገኛቸዋለሽ። ስለዚህ ነው ፊቱ ሜዳ የሆነብሽ፤ ቀለም እየቀየርሽ ነበር፣ ጥላ ግን አልቀየርሽም። ከጥቁርና ነጩ ፎቶ ጋር እያመሳከርሽ በጣም ፈዛዛውን፣ በጣም ጨለማውን፣ መሃል ላይ ያሉትን አምስት ስድስት ምረጪ። የወረቀቱን መጠቅለያ አትጣይ፣ ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው። ክር ካለቀብሽ ያንኑ ቁጥር ከዚያው ድርጅት ግዢ፤ ዲኤምሲና አንከር የሚባሉት የክር ድርጅቶች ቁጥሮች አይመሳሰሉም።

ንጹህ ጥቁርና ንጹህ ነጭን ቆጥቢ። ጥቁሩ ለዓይኑ መሃልና ለአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ይሁን። ጆሮው ሥር ያለው ጨለማ ጥቁር ሳይሆን ጥቁር ቡናማ ነው፣ አንዳንዴም ግራጫ ሰማያዊ። ደረቱ ላይ ያለው ነጭ ፀጉርም ነጭ አይደለም! ዓይንሽን ጨፈን አድርገሽ እይው። ጥላው ግራጫ ነው፣ ወደ ብርሃን ሲጠጋ ክሬም ይሆናል፣ ነጭ የሆነው ጫፍ ጫፉ ላይ ያለ ጥቂት ፀጉር ነው። መላውን በነጭ ከሞላሽው መጨረሻ ላይ የምታፈኪበት ምንም አይቀርሽም።

እኔ መሃለኛውን ቀለም አስቀድሜ አለብሳለሁ፣ ሳሳ አድርጌ። ከዚያ ጨለማውን እጨምራለሁ። ፈዛዛው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አልፎ አልፎ፣ ብቻቸውን የተኙ ፀጉሮች ሆነው። እነዚያን ስትጥዪ ቁጥብ ሁኚ። ለእጅ ይጥማል፣ ሳታውቂው ውሻው ይሸብታል።

የሚዳሰስ ፀጉር ፈልጌ ነበር ብለሻል። ጆሮው ጫፍና ደረቱ ላይ ይቻላል። ክሩን ሙሉ በሙሉ ሳትስቢ ትንሽ ቀለበት ትተሽ በአጭር ስፌት ታስሪዋለሽ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ሲሞላ ቀለበቶቹን በመቀስ ትቆርጫቸዋለሽ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ታበጥሪያቸዋለሽ፣ ከዚያ እንደ ፀጉር አስተካካይ በትንሽ በትንሹ ትከረክሚያቸዋለሽ። ለዚህ ሁለት ዘለላ፣ የተለያየ ቀለም ያላቸው፣ አንድ መርፌ ላይ ብታደርጊ ያምራል። ፊቱ ላይ ግን እንዳትሞክሪው። ሲጎፈር ዓይኑን ይውጠዋል፣ የገበያ አሻንጉሊት ይሆናል።

አፍንጫው ላይ አጫጭር ስፌቶችን ወደየአቅጣጫው በትኚ፤ ለስላሳ ሙሌት አታድርጊው። ላዩ ላይ ግራጫ ሰማያዊ፣ ቀዳዳው ጥቁር። ጢሙ የሥራው መጨረሻ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ረጅም ስፌት፣ በተራ የልብስ ስፌት ክር።

መስመሩን ጨርቁ ላይ የምታወጪበትን እስክሪብቶ በሚመለከት የራሴን ጉድ ላውራሽ። በውሃ የሚለቅ ሰማያዊ ነበር የተጠቀምኩት። ሥራው አልቆ ስለቸኮልኩ ሳላጥበው ተኮስኩት። ሙቀቱ ቀለሙን ጨርቁ ላይ አጸናው። ያ ውሻ እስከ ዛሬ ሰማያዊ አገጭ አለው። በመጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ፣ ከዚያ ፎጣ ላይ በግንባሩ ደፍተሽ ከጀርባው ተኩሺ፣ ፀጉሩ እንዳይደፈጠጥ። ከመታጠቡም በፊት ጥቁር ቡናማውን ክር እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ፈትሺው፤ የሚለቅ ከሆነ አሁኑኑ ብታውቂው ይሻላል። በሙቀት የሚጠፋው እስክሪብቶ ደግሞ ብርድ ሲያገኘው ተመልሶ ይመጣል፣ እሱንም አላምነውም።

ሌላው ነገር፣ መፍታት አቁሚ። ሦስቴ የተፈታ ጨርቅ ወንፊት ነው፤ አዲስ ጨርቅ ውሰጂ። ከእንግዲህ ያልተመቸሽን ስፌት በላዩ ላይ ስፊበት። ፀጉር ላይ ፀጉር ቢጨመር ማንም አያውቅብሽም። ደግሞ መሃል ላይ ስትደርሺ አስቀያሚ ይሆናል። ሁልጊዜ ይሆናል፤ አንድ ጆሮና ግማሽ ግንባር ብቻውን ውሻ አይመስልም። ያን ጊዜ ግድግዳ ላይ አስደግፊውና ሁለት ሜትር ርቀሽ እይው፣ ወይም በስልክ አንሺው። እየሠራሽ የምታዪው በአፍንጫሽ ርቀት ነው። አባትሽ ከዚያ ርቀት አያየውም።

ወር ተኩል በቂ ነው፣ መላውን ቡችላ ካልሠራሽ። ፊቱን ብቻ በሙሉ ሥሪ። ከአንገቱ በታች ስፌቶችሽ እየሳሱ፣ እየተራራቁ፣ ጥቂት መስመር ብቻ ሆነው ጨርቁ ላይ ይጥፉ። ያለቀ ሥራ ይመስላል፣ ዓይንም ወደ ፊቱ ይመለሳል። በቀን አንድ ሰዓት፣ ከተቻለ በቀን ብርሃን፤ በአምፖል ሥር ቡናማና ግራጫ ይቀላቀሉብሻል።

ነገ ፊቱን አትንኪ። ቁራጭ ጨርቅ ላይ አንድ ጆሮ ብቻ ሥሪ፤ በአንድ ዘለላ፣ በሦስት ቀለም፣ ከጫፉ ወደ ሥሩ እየወጣሽ። ሲያልቅ ቡቺ አጠገብ አድርገሽ አንሺውና ላኪልኝ። ወንድምሽ ግን እስከ ልደቱ ቀን ድረስ አይየው።